በሰይፍ ቅጠል ላይ የጻፍኩት

የምሠራበት ችግኝ ቤት በሁለት ፎቆች መካከል የተረሳ ጠባብ ቦታ ነው። ከላይ ጥቁር መረብ ተወጥሮበታል፤ ግራና ቀኙን በብሎኬት ላይ የተጋደሙ ሳንቃዎች ይዘውታል፤ ሳንቃዎቹ ላይ የአበባ ማሰሮዎች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል። እኔ ውሃ አጠጣለሁ፣ አፈር እቀይራለሁ፣ የጠወለገ ቅጠል እለቅማለሁ። ባለቤቷን ሁሉም ሰው "ማዘር" ነው የሚላት። ጉልበቷን ስለሚያማት በሩ አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ወንበሯ አትነሣም፤ ገዢን የምታስተናግደው በአፏ ነው። ይህ ለእኔ ተመችቶኛል። ሰው ፊት ቆሜ ማውራት አይሆንልኝም፤ ከማሰሮ ጀርባ ስሆን ግን ቀኑ ሳላውቀው ይመሻል።

ታፔላዎቹን የምጽፈውም እኔ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ጽሑፌ ይነበባል። በነጭ የፕላስቲክ ቁራጭ ላይ በማይለቅ ማርከር እጽፍና አፈሩ ላይ እተክለዋለሁ። መጀመሪያ የምንጽፈው የተክሉን ስምና የውሃውን ነገር ብቻ ነበር። ገዢው ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለው፦ "ምን ይጠቅማል?" ያምራል ብትለው መልስ የሰጠኸው አይመስለውም። ስለዚህ ማዘር "ጥቅሙም ይጻፍ" አለች። እሷ ከወንበሯ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ይህኛው አየር ያጠራል። ያኛው ትንኝ ያባርራል። ያ ደግሞ እንቅልፍ ይሰጣል።

"ማነው እንደዚህ ያለው?" ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅኳት።

"ሰው ነዋ" አለች። "እኔ ከየት አመጣዋለሁ?"

አንድ ተክል ግን አልሸጥ ብሎን ነበር። እኛ ሰይፍ ቅጠል እንለዋለን። ቅጠሉ ረዥምና ደረቅ ያለ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጠርዙ ቢጫ ነው። ብርሃን አልፈልግም፣ ውሃም አልፈልግም የሚል ዓይነት ነው፤ ደረጃ ሥር ብትረሳው ዓመት ይቆይሃል። ሃያ አራት ማሰሮ ነበረን። ማዘር አንድ ቀን ጣቷን ወደዚያ ቀስራ፣ "ይህንን ምን እንበለው?" አለች። ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ "ሙላው፣ አንተው ሙላው" አለችኝ።

ማርከሩን ይዤ ቆምኩ። በዚያው ሳምንት ሳንቃዎቻችንን የሚሠራልን አናጢ ጣቱን መጋዝ ጭሮት ነበር። ከሰይፍ ቅጠሉ አንዱን ቀነጠሰና ውሃውን ቁስሉ ላይ ጨመቀ፣ በጨርቅም አሰረው። በሦስተኛው ቀን ጣቱን አሳየኝ፤ ድኗል። በቅጠሉ ይዳን በራሱ ይዳን እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። እኔ ያለኝ ይህ ብቻ ነበር። ጻፍኩ፦

"ሰይፍ ቅጠል። ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ። ለቁስል ይረዳል።"

የመጨረሻው መስመር አጥሮ ታፔላው ግማሹ ባዶ ሆነ። አላማረኝም። በሌላ ቁራጭ ላይ እንደገና ጻፍኩ፦ "ለቁስልና ለሕመም ማስታገሻ ይረዳል።" አሁን ዳር እስከ ዳር ሞላ። ሃያ አራት ጊዜ ገለበጥኩት።

በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ሰባቱ ተሸጡ። አንዱ ማሰሮ ተሰንጥቆ ስለነበር ማዘር "ይህንን ማንም አይወስደውም፣ ለቤታችሁ ውሰደው" አለችኝ። ታፔላው እንደተተከለ ይዤው ገባሁ።

ቤታችን ስል የአጎቴን ቤት ማለቴ ነው። አባቴና እናቴ ከሞቱ በኋላ ያሳደጉኝ እሱና ሚስቱ ናቸው። እሱን ጋሼ፣ እሷን እትዬ እላቸዋለሁ። ልጅ አልወለዱም። ጋሼ ልብስ ሰፊ ነው። ወደ መንገዱ የሚከፈተው የፊት ክፍል ሥራ ቤቱ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያላለቀ ኮት፣ ወለሉ ላይ የጨርቅ ቅዳጅ፣ በመስኮቱ ሥር በእግር የምትረገጠው አሮጌ የስፌት መኪናው። ጫማውን አውልቆ ነው የሚሰፋው። "ጫማ ካደረግኩ መርገጫዋ ምን እንደምትለኝ አልሰማም" ይላል። በከንፈሩ አምስት ስድስት ስፒል ነክሶ ነው የሚያወራው፤ እሱ እየቀለደ ደንበኛው ግን ስፒሉን እንዳይውጠው ይጨነቃል። ማታ ማታ ወለሉ ላይ የወደቁትን ስፒሎች በማግኔት የምለቅመው እኔ ነበርኩ።

ታፔላ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ስሜን ትቶ "ጸሐፊው" ይለኛል። "ጸሐፊው፣ ዛሬ የስንት ቅጠል መታወቂያ አወጣህ?" እኔ ሣቅ እላለሁ እንጂ አልመልስም።

ስኳር ካለበት ስምንት ዓመት ሆኖታል። ክኒኑን ይውጣል፤ እትዬ ዞር ስትል ደግሞ ብስኩት ይሰርቃል።

ነገሩ የጀመረው በአዲስ ጫማ ነው። የጓደኛውን ልጅ ሊድር ሄዶ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ሲመለስ የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ውሃ ቋጥራ ነበር። በማግሥቱ ፈነዳች። ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ሱሪዋን ልታሳጥር መጥታ አየችው።

"ጋሼ፣ የስኳር ሰው እግር አይናቅም" አለች። "ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይምጡ። እኔ ነኝ ተረኛዋ።"

"የጣት ነገር ነው እኮ። በጣት ሰልፍ ልያዝ?"

"ይያዙ።"

"እሺ። ይህ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይለቅ ብቻ።"

አርባ ሱሪ ነበር የቀረው። እሷ ከወጣች በኋላ ጋሼ መኪናዋን ሲረግጥ መርገጫው ጣቱን እየነካው ፊቱን ያጨማድዳል። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ካለው ተክል ላይ አረፈ። መነጽሩን ወደ አፍንጫው አውርዶ ታፔላውን ጮክ ብሎ አነበበው።

"'ለቁስልና ለሕመም ማስታገሻ ይረዳል።' እንዴ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው መድኃኒት ፈልግ የምባለው?"

እትዬ ከውስጥ ወጣች። እሷ ማንበብ አትችልም። "እውነት እንደዚያ ይላል?" ብላ የጠየቀችው እኔን ነው።

"እንደዚያ ይላል" አልኩ።

"ከመጽሐፍ ነው አይደል የምትገለብጡት?"

አፌ ውስጥ የነበረውን ዋጥኩ። ማዘር ሰው ይላል ስትል፣ አናጢው ጣቱን ሲያሳየኝ፣ ባዶው መስመር ሲያስጠላኝ ሁሉም በዓይኔ መጣ። ይህንን ሁሉ ማውራት ሊኖርብኝ ነው። ብዙ ነገር ነበር። "አዎ" አልኩ። እሱ አጭር ነበር።

እትዬ በመቀስ አንድ ቅጠል ቆረጠች። እንደ ሥጋ መሐሉን ሰነጠቀችውና ጣቱ ላይ አድርጋ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያመው ነበር። ጠዋትና ማታ ትቀይርለታለች። በአምስተኛው ቀን ከእንቅልፉ ሲነሣ ሕመሙ የለም። ረገጥ ረገጥ አደረገ፤ የለም። ያን ቀን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አወራ።

"የእኛ ጸሐፊ ያመጣው ነው። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው እንዲህ ነው፣ ውስጡ ፋርማሲ አለ።"

ደንበኞቹ ዞር ብለው ያዩኛል። አንዲት ሴት "ተባረክ" አለችኝ። በሕይወቴ ስለ እኔ ሰው ፊት እንደዚያ ተወርቶ አያውቅም። ጆሮዬ ጋለ። ጣፈጠኝ። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ይህ ነው፤ ጣፍጦኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ነርሷ ሱሪዋን ልትወስድ መጣች።

"ጋሼ፣ አልመጡም።"

"ዳንኩ እኮ። ሕመም የሚባል የለም። መጥቼ ምን አመመህ ስትሉኝ ምን ልበል?"

"ይፍቱትና ልየው።"

"አሁን ነው የታሰረው። ቅጠሉ ሥራ ላይ ነው፣ አትረብሺው።"

ወደ እኔ ዞረች። "አንተ እስቲ ንገራቸው። አንተን ይሰሙሃል።"

የክር ማስቀመጫ ሣጥኑን እያስተካከልኩ ነበር። ቀዩን ከቀዩ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው ጋር እደረድራለሁ። ቀና አላልኩም። ትንሽ ጠብቃ ሱሪዋን ይዛ ሄደች።

ከዚያ ጣቱ መጥቆር ጀመረ። እትዬ "የቅጠሉ ቀለም ነው" አለች። ጋሼም "የቅጠሉ ቀለም ነው" አለ። እኔ ያንን ቅጠል በየቀኑ ነው የምቀነጥሰው። ውሃው እንደ ማንኛውም ውሃ ነጣ ያለ ነው፤ ልብስ አያበላሽም፣ ጥፍር ውስጥ እንኳን አይቀርም። እጆቼን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። ንጹሕ ነበሩ። እጆቼን መልሼ አጠፍኳቸው።

ሽታም መጣ። እትዬ መስኮቱን መክፈት ጀመረች። በየቀኑ ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ እላለሁ። የምናገረውን እያጠናሁ ነው የምመለሰው። ደፍ ላይ ስደርስ ጋሼ "ጸሐፊው መጣ" ይላል፤ ደንበኛ ይስቃል፤ ያጠናሁት ይጠፋኛል። ተክሉም በየቀኑ እያጠረ ሄደ። ከሰባቱ ቅጠል አምስቱ ተቆርጦ ጉቶው ቀረ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ማግኔቱን ይዤ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር። ጋሼ የመጨረሻውን ሱሪ ይሰፋል። ከመኪናው ሥር አንድ ነገር ብልጭ አለ። መርገጫው ሲነሣ ይታያል፣ ሲወርድ ይጠፋል። ስፒል መስሎኝ ማግኔቱን አስጠጋሁ። ስፒል ነበረ፤ ግን ወለሉ ላይ አልነበረም። የቀኝ ውስጥ እግሩ ላይ እስከ ራሱ ድረስ ተሰክቶ ነበር። ጋሼ በረገጠ ቁጥር ስፒሉ ይበልጥ ይገባል። እሱ ከላይ እያንጎራጎረ ነው።

እግሩን ያዝኩት። መኪናዋ ቆመች።

"ምን ሆንክ?"

በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብኩት። ረዥም ስፒል ነበር። እግሩ በእጄ ውስጥ ንቅንቅ አላለም፤ የወንበር እግር የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ቀዝቃዛ ነበር።

"ምን አገኘህ?" አለኝ።

"ስፒል።"

"የት?"

"እግርህ ውስጥ።"

ስፒሉን አሳየሁት። አየውና ውስጥ እግሩን ዳሰሰ። የዳሰሰበትን የእጁን ጣትም አየ። ስንት ቀን ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶኝ፣ ያላጠናሁት ወጣ።

"ጋሼ፣ ታፔላውን እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ጸሐፊው ማን ሆነና?"

"ከመጽሐፍ አይደለም። ከራሴ ነው።"

በከንፈሩ የያዛቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣ። አንድ በአንድም ክንዱ ላይ በታሰረችው የስፒል ትራስ ላይ ሰካቸው። አራት ነበሩ። አራተኛውን እስኪሰካ ድረስ አላየኝም።

"ሕመም ያስታግሳል የሚለውንም?"

"እሱንም።"

"ለምን ጨመርከው?"

"ባዶ ቦታ ቀርቶ ነበር።"

እትዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ጋሼ ሱሪውን ከመርፌው ሥር ቀስ ብሎ አወጣ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ አጣጥፎ ከሌሎቹ ላይ አኖረው። ከዚያ፣ "ጫማ አምጪልኝ" አላት።

"የቱን?"

"የሚገባውን።"

የሚገባ አልነበረም። እግሩን በጨርቅ ጠቅልለን ወደ ሆስፒታል ይዘነው ሄድን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጣቱ ሞቷል አለ። ቁስሉ ወደ ላይ ሄዷል፣ ደም ወደ ታች አይወርድም። ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት፤ ነገ። ሕመሙ የጠፋው እግሩ ስለዳነ ሳይሆን የሚሰማው ነገር ስላለቀ ነው። እትዬ ቅጠሉን ነገረችው፤ እኔን እያየች ነው የነገረችው።

"እንግዲህ ቅጠሉ ምናልባት የሚጠቅመው ነገር ይኖር ይሆናል" አለ ሐኪሙ። "የሚያጠኑት ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እርግጠኛ ሆኜ ልነግርዎ አልችልም። ጥፋቱ አሥራ ስድስቱ ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን ቢመጡ ምናልባት ትንሿን ጣት ብቻ ነበር የምንነካው። እሷንም ላንነካት እንችል ነበር።"

በማግሥቱ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እትዬ በአንደኛው ጫፍ፣ እኔ በሌላኛው። በመሐላችን ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር። ጥጉ ላይ አንድ የአበባ ማሰሮ ቆሟል፤ አቧራ የለበሰ ሰይፍ ቅጠል። አፈሩ ላይ የሲጋራ ቁራጭና የማስቲካ ልጣጭ ተጥሎበታል። በመሐሉ ነጭ ታፔላ ተተክሏል። ሳልጠጋው አወቅኩት። ጽሑፉ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ አንድም ስሕተት ሳይኖረው፣ መስመሩን ይዞ ቀጥ ብሎ ይነበባል። አጠገቡ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ እያነበበችው ነበር።

ተነሥቼ ነቀልኩት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ።

"ልክ አይደለም" አልኳት። ለማላውቀው ሰው ቀድሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ምኑ ልክ እንዳልሆነ አልጠየቀችኝም። ታፔላውን ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ። እትዬ አይታኛለች።

ወደ ሥራ ስመለስ የቀሩትን ስድስቱን ታፔላዎች ነቀልኩ። ስሙንና ውሃውን ብቻ ጽፌ መልሼ ተከልኩ። ማዘር ከወንበሯ ታየኛለች።

"ሰው ምን ይጠቅማል ሲልህ ምን ልትለው ነው?"

"ያምራል።"

"እኔም አምር ነበር" አለች። "ማን ወሰደኝ?"

አልሳቅኩም። እሷም ስለ አጎቴ ሰምታ ነበር። "ሌሎቹንስ?" አለችኝ።

"ሌሎቹንም።"

"ነቅለህ ነቅለህ እኔንም ትነቅለኛለህ" አለች። ግን አልከለከለችኝም። ያን ቀን አንድ ሰውዬ ሰይፍ ቅጠሉን አገላብጦ አየው፣ ምን እንደሚጠቅም ጠየቀኝ፣ ለማየት ነው አልኩት። አስቀምጦት ሄደ።

ጋሼ ከሆስፒታል የወጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እትዬ ተክሉን ልትጥለው ደጅ አውጥታው ነበር። እሱ በምርኩዝ ሲገባ አየው። "መልሺው፣ እሱ ምን አደረገ?" አላት። መስኮቱ ላይ ተመለሰ፤ አምስት ጉቶና ሁለት ቅጠል። ስለ እኔ ግን ምን አደረገ አላለም፤ ምን አላደረገምም አላለም። ጸሐፊው ማለቱን ብቻ ተወ። በስሜ ይጠራኛል። እትዬ ምግቤን በሰዓቱ ታቀርባለች፤ ሳህኑን ታስቀምጥና ትሄዳለች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋ ለብዙ ቀን ተሸፍና ቆየች። ሐኪሙ የቀረውን እግር እንዲጠብቀው፣ መርገጫ እንዳይረግጥበት ነግሮታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ሽፋኑ ተነሥቷል። ጋሼ ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ የሱሪው ቀኝ እግር በስፒል ተጣጥፎ ተይዟል። ከጎኑ አጭር በርጩማ አለ።

"ጫማህን አውልቅ" አለኝ።

አወለቅኩ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና እግሬን መርገጫው ላይ አደረግኩ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። እሱ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባ።

"ርገጥ።"

ረገጥኩ። መኪናዋ ወደ ኋላ ዞረችና ክሩ ተጠላለፈ። ፈታው።

"ከተረከዝህ ጀምር። ርገጥ። ቀስ። አሁን ቁም።"

እንዲህ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። እሱ በእጁ ይመራል፣ እኔ በእግሬ እከተላለሁ። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። አንዴ እግሬን አንሥቼ ወለሉ ላይ ሳሳርፍ የሆነ ነገር ወጋኝ። ዘለልኩ።

"ምን ሆንክ?"

"ስፒል ወጋኝ።"

"አመመህ?"

"አዎ።"

እግሬን ትክ ብሎ አየው።

"ጥሩ ነው" አለ። ጨርቁን አስተካከለ። "ርገጥ።"